ጨለማው መስኮት

ልጆቼ፣ አንዲት ቃል ሰው ታስራለች፤ ያቺው ቃል ደግሞ ትፈታለች። የጽናት ነገር እንዲህ ነው።

ጽናት አረብ አገር፣ ዴር ግባር በሚባል ሰፈር፣ በዶክተር ሙና ቤት ነበር የምትሠራው። የመጣችው የሙናን እናት ልታስታምም ነው፤ አረብኛም የተማረችው ከእሳቸው። አሮጊቷ መስኮትን «ጣቃ» ይሉ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ውሏም አለቀ። ጽናት ግን አልወጣችም። ፓስፖርቷ «ማዳም» በምትላት በሙና መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በሩም ከውጭ ይቆለፋል።

«ማዳም፣ ልሂድ?»

«ቡክራ። ጥናቴን ልጨርስ።»

ቡክራ ነገ ማለት ነው። ያቺ ነገ ስምንት ወር ሆናት!

ማዳም የሰማይ ከዋክብት ምሁር ናት። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ «ጣቃ ሙዝሊማ! ጣቃ ሙዝሊማ!» ትላለች። ሙዝሊማ ጨለማ ነው። ጽናትም «መስኮቱ ጨለመ» ማለቷ መሰላት።

ሐሙስ ሐሙስ ኤፍሬም የሚባል፣ በሰዓት የሚሠራ ያገሯ ሰው መስታወት ሊያጸዳ ይመጣል።

«ወንድሜ፣ ይቺን መስኮት ደህና አድርገህ እሻት። ማዳም ጨለመች እያለች ቤቱን አናወጠችው!»

አሸ። «አሁንስ?»

«አሁንም ጨለማ ትላለች።»

በሦስተኛው ሐሙስ ከመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ማዶ ፊቷን አየ። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

«እመቤቴ፣ መስኮቱስ ጠርቷል። ፀሐይ ያጣሽው አንቺ ነሽ!»

ሳቀች... ከስንት ጊዜ በኋላ!

ሙና ሰምታ መጣች። ነገሩ ሲነገራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ጣቃ እኮ ጉልበትም ነው! ጨለማ ጉልበት። ጋላክሲ የከዋክብት መንደር በይው። እኛ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን የት እንዳሉ መዝግበን ካርታ እንሠራለን። የማይታይ ጉልበት እያራራቃቸው ነው፤ እሱን ነው የምናጠናው።»

ጽናት አልሳቀችም። «እያራራቃቸው» የሚለው ሆዷ ገባ።

ስንት ሐሙስ በዚያ ፍርግርግ አወሩ! አንድ ቀን ኤፍሬም እንዲህ አላት፦

«ሳሃብ ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ቤትም ተከራየሁ። ውጪና እንጋባ።»

ዞራ የተቆለፈውን በር አየች።

«ኤፍሬምዬ... እኛንም ጨለማው ጉልበት ይዞናል። በየቀኑ ያራርቀናል። ተወኝ።»

«ልተውሽ? ... እሺ።»

ባልዲውን አንሥቶ ሄደ። እሷ «መውጫ የለኝም» ማለቷ ነበር። እሱ «አልፈልግህም» ብሎ ሰማው።

በሚቀጥለው ሐሙስ የመጣው ጓደኛው ሹኩር ነው።

«ኤፍሬምስ?»

«ሳሃብ ገባ። ምን አልሽው አንቺዬ? እህል አይቀምስም እኮ!»

ጽናት ከመስኮቱ ዞረች። በቀጥታ ማዳም ክፍል ገባች። ካርታው ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ነጥብ በነጥብ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተያያዘ።

«ማዳም፣ ሁሉም ይራራቃል?»

«ሁሉም አይደለም። ጨለማው ጉልበት የሚያራርቀው ድሮም የተራራቁትን ነው። ተቀራርበው የተሳሳቡትን አይችላቸውም።»

ጽናት ካርታው ላይ አንዷን ነጥብ በጣቷ ነካች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ማዳም፣ ያን ሁሉ ሩቅ ቆጠርሽ። እኔን እዚህ አጠገብሽ ያለሁትን መቼ ትቆጥሪኛለሽ? የእናትሽን ዓይን የከደንኩት እኔ ነኝ...»

ሙና መነጽሯን አወለቀች። መሳቢያውን ከፍታ ፓስፖርቱን አወጣች፤ የመልቀቂያውንም ወረቀት እዚያው ፈረመች።

«ይቅር በይኝ። ቡክራ አልልሽም።»

ሳሃብ፣ ሠራተኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ኤፍሬም ከነሻንጣዋ በር ላይ ቆማ አገኛት። ዓይኑን አላመነም።

«ምን ልትይኝ መጣሽ?»

«አረብኛዬን ላስተካክል። ጣቃ ጉልበት ነው ብዬህ ነበር...»

«አራራቀን ብለሽ!»

«መስኮትም ነው። አሁን ተከፈተ።»

«በሩስ?»

«እሱም! ባልዲህን ይዘህ ሄድክ እንጂ እኔማ መቼ ተውኩህ!»

እዚያው መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ፣ አቅፏት አለቀሰ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ልጆቼ፣ የሚኖሩባት ክፍል አንድ ናት፣ ጠባብ ናት። መስኮቷ ግን ፍርግርግ የላትም፤ ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱም ያጸዷታል፤ እሱ ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ። ሲጨርሱ ደግሞ እሷ በበሩ ትወጣለች።