እጅህን አውርድ

ኣርያም ቢተውን ከመውደዷ በፊት ተናዳበት ነበር። ከወደደችው በኋላም ንዴቱ አልለቀቃትም።

ነገሩ የተጀመረው በአገልግሎት እሁድ ነው። ከኢምፔሪያል ሆቴል ወረድ ብሎ ገርጂ ያለው የካቶሊክ ቁምስና በዓመት አንዴ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑን አስቀምጦ «ማን በምን ያገለግላል?» ብሎ ይጠይቃል። የዚያን ዓመት ማይክሮፎኑን የያዘችው ኣርያም ነበረች፤ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ። አስተባባሪ ያደረጓትም አንድ ስብሰባ ላይ «ይሄ ነገር እንዲህ አይሠራም» ስላለች ነው። እዚያ ቁምስና እንዲህ ያለ ሰው ወዲያው ይሾማል።

«በሽተኛ የሚጠይቅ?» አለች።

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

«ሕፃናት የሚያስተምር?»

ያው እጅ።

«ወንበር የሚደረድር? መኪና የሚያስቆም? ሾርባ የሚያመላልስ?»

ያው እጅ። ጭራሽ ወርዶም አያውቅ።

«ወንድሜ፣ ስንት እጅ ነው ያለህ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ያንን አውርደው፤ ሌላ ሰው እንይበት።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። የመዘምራን ተራ ሲደርስ ግን እንደገና አወጣው። ድምፁ ደግሞ ዘይት እንዳልነካው በር ነው።

ቢተው ይባላል። የእምድብር ልጅ ነው፤ ቦሌ ባሉት ሕንፃዎች ሊፍት ይጠግናል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ለማንም ለምንም «እሺ» ይላል። ኣርያምን የሚያቃጥላት ይሄ «እሺ» ነው። የሰው ልጅ አንዳንዴ «አይመቸኝም» ይላል፤ እሱ አይልም።

ሐሙስ ሐሙስ ከኢምፔሪያል ጀርባ አልጋ ላይ ለዋሉ አረጋውያን ሾርባ ለማድረስ ሁለቱ አብረው ተመደቡ። የመደበችው ራሷ ናት። ለምን እንደሆነ አትጠይቋት።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሚኒባሱ ኢምፔሪያል ጋ መንገድ ተዘጋበት። ድስቱ ኣርያም ጉልበት ላይ ነው። መሀል መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ ሞተሩ የጠፋበትን ኮሮላ ብቻውን ይገፋል። ቢተው በመስኮት ሰውዬውን አየ። ኣርያም ቢተውን አየች።

«እንዳታስበው» አለችው።

«ብቻውን እኮ ነው።»

«ድስቱስ?»

«አንቺ ጋ ነዋ።»

ወረደ። ወዲያው መንገዱ ተከፈተና ሚኒባሱ ጥሎት ነጎደ። ኣርያም ከነድስቷ፣ ሾርባ ቀሚሷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ብቻዋን ደረሰች። የምትሰድበውን ስድብ ስታዘጋጅ እሱ እያለከለከ መጣ፤ ሞተሩንም ነካክቶ ኖሮ እጁ ግራሶ በግራሶ። ቀሚሷን አየ። ጃኬቱን አውልቆ ሰጣትና ድስቱን ተቀበላት።

ስድቡ ጠፋባት።

ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ቁጭ ብሎ አንድ ሽማግሌ ሲያጎርስ አየችው። ሽማግሌው አንዱን ጉርሻ ለመዋጥ ዘመን ይፈጅባቸዋል። ኣርያም መጠበቅ አይሆንላትም፤ ሊፍት እንኳ ከዘገየባት በደረጃ ነው የምትወጣው። ቢተው ማንኪያውን ይዞ ይጠብቃል። ስልኩን አያይ፣ በር በር አይል። ሽማግሌው ሲጨርሱ ቀና አለና ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ቶሎ ብላ ድስት ክዳን ፈለገች። ክዳኑ እጇ ላይ ነበር።

አንድ ክረምት እንዲህ አለፈ። መስከረም ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ የፕላስቲክ ወንበር ሲደራርቡ፣

«ኣርያም» አላት።

«ምን?»

«ሽማግሌ ብልክ…» አንድ ወንበር አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ብትልክ ምን?»

«እናትሽ ይቆጡ ይሆን?»

«ቢተው፣ ላክ!»

«እሺ» አለ። በዕድሜዋ ይሄ ቃል ያስደሰታት ያኔ ብቻ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ኣብርሀት የአዲግራት ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ኣርያምን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ቅዳሴ አያስታጉሉም። ቁምስናው ግን ልጃቸውን ነጥቋቸዋል፤ «እኔ ልጅ አስጠመቅኩ እንጂ ልጅ አልሰጠሁም» ይላሉ። በተለይ ጋሽ መሐሪን ማየት አይፈልጉም። ጋሽ መሐሪ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በየቤቱ እየዞሩ ለአገልግሎት ሰው የሚመለምሉ ናቸው። እሳቸው በር ሲያንኳኩ ሰሚት ውስጥ ቴሌቪዥን የሚያጠፋ ብዙ ነው።

ቢተው ደግሞ ሽማግሌ አድርጎ የላከው ማንን ነው? ጋሽ መሐሪንና ሁለቱን ጓደኞቻቸውን።

ሽማግሌዎቹ በሄዱበት እሁድ ኣርያም እስኪጨርሱ ብላ ውጭ ስትንጎራደድ ቆይታ ከሰዓት ቤት ገባች። እናቷ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ደስ ብሏቸዋል።

«መጥተው ነበር» አሉ።

«እና?» አለች።

«አባረርኳቸዋ።»

«ምን አልሽ?»

«ግቡ ተቀመጡ ብላቸው ቆመው ቀሩ። ጉዳይ ይዘን ነው ሊሉ ሲጀምሩ ‹ጉዳያችሁን ዐውቀዋለሁ› አልኳቸው። ጠዋት ወሰዳችኋት፣ ማታ ወሰዳችኋት፣ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚሰጥ የለም፣ ሌላ በር ሞክሩ ብዬ ዘጋሁ። እፎይ!»

«እማ! ሽማግሌ ነበሩ እኮ! የጋብቻ!»

ወይዘሮ ኣብርሀት ቢላዋውን አስቀመጡ። «በሰደርያ?»

«የምን ሰደርያ?»

«ያን አረንጓዴውን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ጀርባው ላይ ‹አገልጋይ› የሚለውን ለብሰው ነበራ! ሽማግሌ ጋቢ ደርቦ ነው የሚመጣው። እኔ ምን ላውቅ፣ ጓለይ፣ ልጄ?»

መኪና ሲያስቆሙ ቆይተው ሳያወልቁት ነው የመጡት። ኣርያም ሶፋው ላይ ተዘረረች።

«ለማን ነበር?» አሉ እናቷ ቀስ ብለው።

«ለቢተው።»

«ያ ቀጭኑ? ባለ ድስቱ?» ሽንኩርቱን ገፋ አደረጉ። «ወይ ጉድ። እሱስ ጥሩ ልጅ ነበር።»

«በይ ደውይላቸዋ!»

«የሴት እናት ናት ደውላ ሽማግሌ የምትጠራው? ‹ተሳስቼ ነው፣ ኑ ውሰዱልኝ› ልበል? ከፈለገ መልሶ ይልካል። በአንድ እምቢታ የቀረ ሽማግሌ አላየሁም።»

«ቢተውን አታውቂውም።»

«ካልላከ እንግዲህ የፍስሃ ቤተሰቦች አሉ። ያ ቦሌ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው። ‹እንምጣ› ካሉ ሰንብተዋል። ምን እያልኩ ላቆያቸው?»

ኣርያም ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታስር ተመልሳ ገርጂ ወረደች። ቢተው አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይደረድራል። ምን ሲሠራ ሊገኝ ኖሯል?

«ጋሽ መሐሪ ምን አሉህ?»

«እናትሽ እንዳልፈቀዱ።» ቀና ብሎ አላያትም።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እሺ አልኳ። ምን እላለሁ? በግድ አይሆን። ደግሜ ልኬ ባስቸግራቸው ነውር ነው።»

ስህተት መሆኑ፣ የሰደርያው ነገር፣ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጠችው። ብትነግረው ለሱም «እሺ» ይላል። ዛሬ ገፍታ ካስነሳችው ዕድሜዋን ሙሉ ስትገፋው ልትኖር ነው። አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ ለሷ ሲል «እምቢ» ይበል።

«ለማታውቀው ሰው ኮሮላ ከሚኒባስ ወርደህ ገፍተሃል» አለችው። «ለኔ አንድ በር ሁለቴ ማንኳኳት አቃተህ?»

ያኔ አያት። አፉን ከፈተ።

«ቢተው!» አሉ ቆሞሱ አባ ተስፋጽዮን ከውጭ። «ጄኔሬተሩን እየው እስቲ!»

«እሺ አባ!»

ሄደ። ኣርያም አንዱን ወንበር በእግሯ ጠለዘችው። ወንበሩ ምን በደለ።

ሐሙስ ሾርባውን አብረው አደረሱ። ድስቱን መሀላቸው አስቀመጡት። መውረጃቸው ሲደርስ ሁለቱም አንዱን የድስት ጆሮ ያዙ፤ ማንም ቀድሞ አልለቀቀም። እንደያዙት ወርደው እንደያዙት ሄዱ። «ተናገር» አለችው በልቧ። አልተናገረም።

እሁድ ደረሰ። ወይዘሮ ኣብርሀት ከፊት ተቀምጠዋል። ኣርያም ማስታወቂያ አንብባ እንደጨረሰች አባ ተስፋጽዮን ማይክሮፎኑን ወሰዱባት።

«ዛሬ ከሰዓት ለአረጋውያኑ ማረፊያ አልጋ የሚያጓጉዝልን ሰው እንፈልጋለን። ቢተው አለ። ከቢተው ሌላስ?»

ከኋላ ወንበር ቢተው ተነሳ። እጁን አላወጣም።

«አባ፣ እምቢ።»

ሕፃናቱ ሳይቀሩ ዞረው አዩት። እሱም ካፉ የወጣው ቃል አስደነገጠው።

«ይቅርታ አባ። አልችልም ለማለት ነው።»

«ምነው ልጄ፣ አመመህ?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ ከሰዓት ሰሚት ሽማግሌ እልካለሁ። ባለፈው እሁድ ልኬ ነበር፣ እምቢ ተባልኩ። ዛሬም እምቢ ካሉኝ በሚቀጥለው እሁድ እልካለሁ። ስለዚህ የሚቀጥለውም እሁድ አይመቸኝም። ከዚያ በኋላ ያለውም።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ከሴቶቹ በኩል እልልታ ሊነሳ ሲል አባ በእጃቸው ገቱት፤ እሳቸውም ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም። ኣርያም የት ትግባ? ማስታወቂያውን ገልብጣ ያዘችና ባዶውን ገጽ አነበበች።

ወይዘሮ ኣብርሀት ነጠላቸውን አስተካክለው ከሁሉ ቀድመው ወጡ። በሕይወታቸው ኮንትራት ታክሲ ይዘው የማያውቁት ሴትዮ በር ላይ ኮንትራት ያዙ። ሽማግሌ ሲመጣ ቤት መገኘት አለባቸዋ። እንዳልሰማ፣ እንዳላወቀ ሰው።

ከሰዓት በር ተንኳኳ። ኣርያም ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ከበሩ ለጠፈች። በቀዳዳው ስታይ ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። ጋሽ መሐሪ ከውስጥ የለበሱት ኮት የናፍታሊን ሽታው ጓዳ ድረስ መጣ።

«ደግሞ ምን ልትወስዱ መጣችሁ?» አሉ እናቷ።

ጋሽ መሐሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን።»

ኣርያም ትንፋሿን ያዘች። መጠበቅ እንደዚያን ቀን ጠልታ አታውቅም።

«እሷንማ ከወሰዳችኋት ቆይታችኋል» አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት። «ይልቅ እሱን አምጡልኝ። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ።

በደንቡ መሠረት የሁለቱ ስም ለሦስት እሁድ ከመቅደሱ ተነገረ፤ እንቅፋት የሚያውቅ እንዲናገር። በመጀመሪያው እሁድ ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙት። እንቅፋት ያወቀ አልነበረም። አባ ተስፋጽዮን ግን ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ፣ «በዚሁ አጋጣሚ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ግድግዳ ቀለም የሚቀባልን…» አሉ።

ከጎኗ አንድ ክርን ሲንቀሳቀስ ታወቃት።

«እጅህን አውርድ» አለችው በሹክሹክታ።

«ራሴን ላክ ብዬ ነው…»

እጁን ያዘችው። ግራሶው ጥፍሩ ሥር አለ። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ተጫነችው።

«ማንም የለም?» አሉ አባ።

ማንም የለም። ሰው ጣሪያ ያያል፣ ጫማውን ያያል። አባ ይጠብቃሉ። ዝምታው ረዘመ፤ በጣም ረዘመ። ኣርያም ደግሞ መጠበቅ አይሆንላትም።

የቀረው እጇ ብድግ አለ።

«እጅሽን አውርጂ» አላት ቢተው በሳቅ እየታፈነ።

አላወረደችም። የያዘችውንም አልለቀቀችም።