ወደ ኋላ የተመለሰው ተጫዋች

ሟቹ ከጌም ቤቱ የጓሮ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ አፍጥጦ ተገኘ። በሕይወቱ እንዲህ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም። «ዳኛው» ነበር የሚባለው። ችሎት ረግጦ አያውቅም፤ ስሙን ያገኘው ሰዎች በቡድን ሆነው በሚጫወቷቸው አስፈሪ ጌሞች ላይ በሚሰጠው ፍርድ ነው። በፕሮግራሙ ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ «አያስፈራም» ያለው ጌም በዚያው ቀን ሞተ ማለት ነው፤ ሠሪዎቹም ባሕር ማዶ ሆነው ፀጉራቸውን ይነጩ ነበር ይባላል። አድማጮቹ ቢሰለፉ ምድርን ሁለት ጊዜ ይዞሯታል፤ ሦስተኛውን ዙር የሚያስቀረው ግፊያው ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ከብረቱ ደረጃ አናት ላይ ቆሞ ቁልቁል አየው። ምንም አልተሰማውም። የእጁን ቆዳ ቆነጠጠ፤ ቁንጥጫው የሌላ ሰው ሆነበት።

«ወይ ጉዴ፣ ቤቴ ተዘጋ» አለ አጠገቡ የቆመው የጌም ቤቱ ባለቤት። ሽማግሌው ሲነጋም ሲመሽም ከገመድ ጋር ስለሚታገል ሁሉም «አባባ ሶኬት» ይለዋል።

ፖሊሶቹ ሲመጡ አንዲት አጭር፣ ወፍራም ሴት አብራቸው መጣች። የምርመራ ክፍሉ ሰዎች «ቆይ እስቲ» ብለው ነው የሚጠሯት፤ ያለዚች ቃል መዝገብ ዘግታ አታውቅማ። ዓይኗ ሌላ ነው። ጉንዳን በፊቷ ብታልፍ የትኛውን እግሯን እንደምታነክስ ለይታ ትነግራችኋለች። መርማሪዋ ተንበረከከችና መዳፏን ከሬሳው ጀርባ ሥር አስገባች። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን ሲሚንቶ ዳሰሰች፤ ከሰዓት በኋላ የዘነበው ዝናብ ገና አልደረቀም ነበር። እጇን በመሐረቧ ጠርጋ ተነሣች።

አለቃዋ ግን ቸኩሏል። «ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማን ቀረ?»

«ዳኛው ሁሌም ካለቀ በኋላ በሩን ዘግቶ ፍርዱን ይቀርጻል፣ ማንም አያንኳኳበትም» አለ አባባ ሶኬት። «አብረው ሲጫወቱ የነበሩት ጥርስ ሠሪዋና ሹፌሩ በመኪና ሄዱ። ይሄ ታናሽየው እሱን ሲጠብቅ ቀረ። ሲቆይብን ጊዜ አብረን ከፈትን፤ ክፍሉ ባዶ፣ የጓሮው በር ክፍት።»

«ተጣልተዋል እንዴ?»

ሽማግሌው ጫማውን አየ። «ታናሽየው አንድ ቀን እገድለዋለሁ ይል ነበር። የአፍ ነው እንጂ።»

የአፍ ይሁን የልብ፣ ታናሹ በዚያው ታሰረ። አለቃው ሰኞ ክስ ይመሠረታል ብሎ ለአቃቤ ሕግ ደወለ። እናታቸው አንዱ ልጇ ሬሳ ማቆያ ክፍል፣ ሌላው ማረፊያ ቤት ሆኖባት ከጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች። ሂጂ ሲሏት የትኛው ጋ ብላ ጠየቀች።

ቆይ እስቲ በማግስቱ ታናሹን ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«መኪናው ላይ ቦታ ነበር። ለምን ቀረህ?»

ታናሹ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበ።

«ተወው እሺ። ይሄን ጌማችሁን አስረዳኝ። እኔ የማውቀው ካርታ ነው፤ በእሱም እሸነፋለሁ።»

ይህቺኛዋ ጥያቄ አፉን ከፈተችው። ድምፁ ግን የአየር ሁኔታ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

«ብቻህን ስትጫወት ያስፈራል። ሁለት ስትሆኑ ፍርሃቱ ይጋመሳል። አራት ስትሆኑ ሰርግ ነው። አንዱ ይቀልዳል፣ አንዱ በር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ጭራቁ መጥቶ ሲበላው የቀረነው በሳቅ እንፈርሳለን። ሰው ፈርቶ ሳይሆን አብሮ ለመጮህ ነው የሚገዛው።»

«ታዲያ ጭራሽ አያስፈራም በለኛ።»

«አይ፣ ጥሩው ያስፈራል። ጥሩው ጌም ላይ ድምፅህን የሚሰማው አጠገብህ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ ስትርቅ ይቀንሳል። ጓደኛህ እያወራ፣ እያወራ፣ ድምፁ ቁርጥ ይላል። ጭራቁን ሳታየው። እሱ ነው አንዱ። ሌላው መተው ነው። ስትወድቅ ጓደኛህ መጥቶ ሊያነሣህ ይችላል። ሊያነሣህ እየቻለ ኮቴው ሲርቅ ትሰማለህ። ከዚያ የባሰ ጭራቅ እስካሁን አልሠሩም።»

«ወንድምህስ በዚህ ይስማማል?»

«ወንድሜ የወደቀ አይነሣ ባይ ነው። እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው አይፈራም፣ ስለዚህ ሊያነሣ የተመለሰ ተጫዋች ጨዋታውን ገደለው፤ ይሄ ነው ፍርዱ። አድማጩ በቃሉ ያውቀዋል። አንድም ሰው አንሥቶ አያውቅም። እኔን ‹መብል› ነው የሚለኝ። ጭራቁ ሲመጣ እኔን ጥሎለት ይሮጣል፣ ያንኑ ደግሞ በፕሮግራሙ ያስቅበታል።»

«ሌሎቹስ?»

«ጥርስ ሠሪዋ ከጠቀምካት ታነሣሃለች። ሹፌሩ ሁሌ ያነሣል። ለዚያ ነው ሁሌ የሚሞተው።»

«ያን ቀንስ?»

ታናሹ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«ያን ቀን ወንድሜ ተመለሰ» አለ። «ጌሙ ውስጥ በሊፍት ከምድር በታች ወረድን። እዚያ ጭራቁ የሚያድነው ድምፅ ሰምቶ ስለሆነ አፉን የከፈተ ከቡድኑ ይባረራል፤ የወንድሜ ሕግ ነው። እኔ ወደቅኩ። ሕጉን ጥሼ ‹ወንድሜ› ብዬ ተጣራሁ። መውጫው ፊቱ ነበር። ዞረ፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አነሣኝ። ለዚያ ነው የቀረሁት። ላመሰግነው።»

«ይሄን ለምን ለአለቃዬ አልተናገርክም? ታስረሃል እኮ።»

«የኔ ነው» አለ ታናሹ።

«ቆይ እስቲ» አለች መርማሪዋ፤ ግን ለራሷ ነበር። ቀና ብላ ስታየው ፊቷ ላይ ያለው ደስታ አልነበረም። «ያልከኝ ነገር ከዚህ ያስወጣሃል። ግን አትወደውም። ነገ ጌም ቤት እንሄዳለን፤ አስተርጓሚዬ አንተ ነህ።»

ጌም ቤቱ ከፎቅ ላይ ነው። በኮምፔንሳቶ የተከፋፈሉ አራት ጠባብ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው የአባባ ሶኬት ባንኮኒ፣ ከኋላቸው ወደ ጓሮው በር የሚወስድ ኮሪደር። ከባንኮኒው ኮሪደሩ አይታይም። ገመዱ ብዛቱ፣ ቢፈታ ወንዝ ያሻግራል። ታናሹ እጁ በካቴና እንደታሰረ በር ላይ ቆመ።

መጀመሪያ የተጠየቀችው ጥርስ ሠሪዋ ናት፤ በሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትቀርጽ ቀጭን ሴት። ዳኛው እጮኛዋ ነበር፤ መለያየታቸውን የሰማችው ከፕሮግራሙ ላይ ነው።

«ጠልተሽዋል?» አለቻት መርማሪዋ።

«እሱን መጥላት እንደ መተንፈስ ነበር፣ አይደክምም። ግን ብገድለው ኖሮ ቀስ ብዬ፣ አፉን አስከፍቼ ነበር።»

«ከታች ከወረዳችሁ በኋላ የት ነበርሽ?»

«እየሮጥኩ። ጭራቁ ሙጭጭ ብሎ እኔን ያባርር ነበር። ይሄ ልጅ ራሱ አይቶኛል።»

ታናሹ ራሱን ነቅንቆ መሰከረላት።

አባባ ሶኬት እጁን እያሻሸ ቀረበ። «እኔ እመቤት፣ ስክሪኑ ሲሽከረከር ያቅለሸልሸኛል። አንድ ቀን ሞክሬ ሳምንት ተኝቻለሁ።»

«ዝናቡ መቼ ነው የጀመረው?»

«ልጆቹ ዝም ካሉ በኋላ። ከታች ሲወርዱ ድምፅ አያሰሙም፤ እኔም የማርፈው ያኔ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጣሪያው የወረደ መስሎኝ ባልዲ ፍለጋ ሮጥኩ። እነሱ ማዳመጫ አድርገው ምኑን ይሰማሉ። ጨዋታው ሳያልቅ አባራ።»

መጨረሻ ሹፌሩ መጣ። ትከሻው በሩን ይሞላዋል፤ ሲቀመጥ ግን ወንበሩ እንዳይጮህ ይጠነቀቃል።

«እህትህ ደኅና ናት?»

«ከቤት አትወጣም» አለ። እህቱ መንተባተብ አለባት። ባለፈው ዓመት አብራቸው ስትጫወት ፈርታ «እ… እ… እርዱኝ» ብላ የጮኸችውን ዳኛው በፕሮግራሙ ለቀቀው። ከተማው በሳቅ ሞተ። ጩኸቷ የስልክ ጥሪ ሆነ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ይጮህ ነበር። ጎረቤት ያለ ድመት እንኳ ይንተባተብ ጀመር ተብሎ ተቀለደባት።

«ከታች ስትወርዱ የት ነበርክ?»

«ጌሙ ላይ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ተደብቄ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

መርማሪዋ ሁሉንም በዳኛው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆሙ። አለቃዋ በኮሪደሩ በኩል አንገቱን አስገብቶ «ቶሎ በይ» አላት።

«ቶሎ እላለሁ፣ ጌታዬ። ሟቹ ከላይ በዝናብ ርሶ ነበር። ከጀርባው ሥር ያለው ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ ዳስሼዋለሁ። ዝናቡ ሲጀምር እዚያው ተጋድሞ ነበር ማለት ነው። ዝናቡ ደግሞ የጀመረው ልጆቹ ዝም ካሉ በኋላ፣ ያባራው ጨዋታው ሳያልቅ ነው። እንግዲህ ዳኛው ደረጃ ሥር ዝናብ እየወረደበት፣ እዚህ ወንበር ላይ ደግሞ እየተጫወተ ነበር።»

«መንፈስ ነው እንዳይሉኝ» አለ አባባ ሶኬት። «ደንበኛ ይሸሸኛል።»

«መንፈስ ሰው ሊያነሣ አይመለስም። ሌላ ሰው በወንበሩ ተቀምጧል። ዝም የመባባል ሕግ ስላለ መናገር አልነበረበትም፤ ከዚህ የተመቸ ሕግ የለም። ማን ነው? ታናሹ አይደለም፤ ያኔ ወድቆ በራሱ ማይክራፎን እየተጣራ ነበር። ጥርስ ሠሪዋም አይደለችም፤ ስትሮጥ ታይታለች። ባለቤቱ ስክሪን ያሳምመዋል። ሳይንቀሳቀስ የቆየ አንድ ተጫዋች ነው፤ ቁምሳጥን ውስጥ ያለው። እዚያ የገባን ሰው አለህ ወይ የሚለው የለም።»

ሹፌሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ግምት ነው» አለ አለቃዋ።

«ቆይ እስቲ። የዳኛው ኮምፒውተር የጨዋታውን ስክሪን ሁሉ ይቀርጻል።» ቅጂውን አስጀመረችው። ስክሪኑ ላይ ጨለማ ኮሪደር ታየ፤ መውጫው ቅርብ ነው። «ወንድሜ» የሚል የታናሹ ድምፅ ከሩቅ መጣ። ምስሉ ቆመ። ዞረ። ሮጠ። ወደ ወደቀው ሲቀርብ የባትሪው ብርሃን ከታናሹ ፊት ላይ ወርዶ መሬቱን አበራ።

«አስተርጓሚ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ታናሹ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ባትሪውን ዝቅ አደረገው። ዓይኔን እንዳይወጋኝ።»

«ጌሙ ያስገድዳል?»

«አያስገድድም። ማንም አያደርገውም። ወንድሜ በፕሮግራሙ የሚቀልድበት…» አቆመ።

«በማን?»

ጥርስ ሠሪዋ ጨረሰችለት። «በሹፌሩ። ሰው ፊት ለፊቱ ሲመጣ ባትሪውን ዝቅ ያደርጋል። መኪና የመጣበት ይመስለዋል እያለ ይስቅበት ነበር።»

ሹፌሩ በመጨረሻ ተናገረ፤ ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ እንጂ የተያዘ ሰው አልነበረም።

«ሊፍቱ ሲወርድ ሊያጨስ ወጣ። ተከተልኩት። የዓመቱ በዓል ፕሮግራም ላይ የእህቴን ጩኸት ድጋሚ ሊለቀው እንደሆነ ሰምቼ ነበር። አጥፋው ብዬ ለመንኩት። ሳቀ። ከዚያ ድምፅዋን አስመሰለው፤ ፊቴ ላይ። ገፋሁት። አንዴ ነው። ወርጄ ሳየው አልቆለታል። ስመለስ ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ነበር። በሕይወት ያለ እንዲመስል ተቀመጥኩ።»

«መውጫው ፊትህ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ለምን አልወጣህም?»

«ተጣራ እኮ» አለ ሹፌሩ፤ ሌላ ምን ይጠይቃል በሚል አነጋገር።

ታናሹ ወደ እሱ ዞረ። «እኔ ስለሆንኩ ነው?»

«አይ። ማንም ቢሆን እመለስ ነበር።»

«ስታሰርስ?»

ሹፌሩ የታናሹን ካቴና አየ።

«ከዚያ ግን አልተመለስክልኝም» አለ ታናሹ። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። እጁ ላይ ያለው ካቴና ሲፈታ አንጓውን እንኳ አላሸም። ሹፌሩን በጓሮው ኮሪደር ሲወስዱት ጥርስ ሠሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ አባባ ሶኬት ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀለው።

መርማሪዋ ታናሹን እስከ ጣቢያው በር ሸኘችው። «አትወደውም ብዬህ ነበር» አለችው።

«ምንም አልተሰማኝም» አላት።

«ይሰማሃል። አትቸኩል።»

እናቱ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ተነሣች። ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ክንዱን ያዘችው፣ ሳይነጋገሩ አስፋልቱን ተሻገሩ። ከወዲያኛው ጠርዝ ሲደርሱ ሳታየው ጠየቀችው።

«ተኳርፋችሁ ነው የተለያያችሁት?»

ወንድሜ ተመልሶ አነሣኝ ብሎ የሚነግራት ነገር ትናንት ነበረው። አሁን ፈልጎ አጣው።

«አዎ እማዬ። ተኳርፈን።»

«እኔም ተኳርፌው ነበር» አለች እናቱ። «ስልክ አልመልስለትም ነበር።» ጥቂት እንደሄዱ ቆመች፤ ሙሉ ክብደቷን ክንዱ ላይ ጣለች። «አሁን ማንን ነው የምንታረቀው?»

ታናሹ ክብደቷ ተሰማው። ሌላኛውን እጁን በወገቧ ዙሪያ አዙሮ ያዛትና፣ መራመድ እስክትችል ድረስ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቃት።