የቀትሩ አራት ዲግሪ

የሙሂዲን አስከሬን ከድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ጣሪያ ከወረደ ሁለት ቀን ቢያልፍም ዝንቦቹ አልሄዱም። በሶላር ፓነሎቹ ሥር የደረቀውን ደም ወረውታል። ኢንስፔክተር ዊዳድ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጫን አድርጋ ጎንበስ አለች። የሰኔ ፀሐይ ያጋለው ሲሚንቶ ሽታውን መልሶ ፊቷ ላይ ተፋው።

ሟቹ የሶላር ቴክኒሻን ነበር፤ አናቱን በብረት ተመትቶ ነው የሞተው። የቀን ሠራተኛውን ዑመርን ያሳሰረው ደግሞ የሙሂዲን ትንሽ ደብተር ነው። ሙሂዲን ሥራ በጀመረበት ጣሪያ ሁሉ የፀሐይ ጨረር ፓነሉን ቀጥ ብሎ ከመምታት ስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል እየለካ ይጽፋል። የዚያን ዕለት፦ «3:00፣ 53» ይላል፤ ከሥሩ «6:00፣ 4»። እንግዲህ ቀትር ላይ በሕይወት ነበር። ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ጣሪያው ላይ የነበረው ደግሞ ዑመር ብቻ ነው።

«ወላሂ የተኛ ነው የመሰለኝ!» አለ ዊዳድ ወደ ጣሪያው ያስመጣችው ዑመር፣ የታሰሩ እጆቹን እያነሳ። «ከፓነሉ ጥላ ሥር፣ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ። በድሬ ቀትር የተኛ ሰው ማን ይቀሰቅሳል? ጠራሁት፣ ዝም አለኝ። ምሳዬን በልቼ፣ የፓነሉን ገመድ ዘርግቼ ወረድኩ።»

የቤቱ ባለቤት ሰገልም አብራ ወጥታለች፤ ሱቋ ከደረጃው ሥር ነው።

«ማን ወጣ፣ ማን ወረደ?» አለቻት ዊዳድ።

«አቦ፣ ስንቴ ልንገርሽ! ፓነሎቹን የሸጠልኝ ኢንጂነር ጠዋት ከሙሂዲን ጋር ወጣ፣ አራት ሰዓት ላይ ብቻውን ወረደ። ‹ታይዋን ገበያ ሄጄ ብሎን ልገዛ ነው፤ ሙሂዲን እየለካ ነውና አትረብሹት› አለኝ። ከዚያ ዑመር ወጣ። እኔ ከበሩ አልተነሳሁም፤ ደንበኞቼን ጠይቂ።»

ኢንጂነር ዓምራን ሽቶ ተርከፍክፎበት፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ቆሟል።

«ምስኪን!» አለ። «የለቅሶውን ድንኳን ያስተከልኩት እኔ ነኝ።» ጥርሱ መሐል የቀረ ቅጠል በምላሱ አውጥቶ ደሙ አጠገብ እንትፍ አለ። ዊዳድ ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ መለሰች።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ፓነሉ ዙሪያ አቆመቻቸው። አሥር ሴንቲሜትር የሆነ እርሳስ የፓነሉ መስተዋት ላይ ቀጥ አድርጋ ያዘች።

«ዓምራን፣ ይህ ፓነል ስንት ዲግሪ አዘንብሏል?»

«አሥር፤ ወደ ደቡብ።»

«ፀሐይስ በሰኔ ቀትር ከአናታችን ስንት ትርቃለች?»

«አሥራ አራት ገደማ።»

«ጎሽ። አሁን የእርሳሱን ጥላ እዩ። አራት ሴንቲሜትር ተኩል ነው፤ ወደ ታች፣ ወደ ደቡብ ወድቋል። ፀሐይዋ በሰሜን ናት ማለት ነው። ፓነሉ ጀርባውን ሰጥቷታል፤ ስለዚህ አሥር ሲደመር አሥራ አራት፣ ሃያ አራት። ሙሂዲን ለክቶ ቢሆን ሃያ አራት ይጽፍ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው አራት ነው።»

«ተሳስቶ ይሆናላ» አለች ሰገል።

«የለካ ሰው በሃያ ዲግሪ አይሳሳትም። አሥራ አራት ሲቀነስ አሥር ግን ልክ አራት ነው። ይህን የጻፈው ያልለካ፣ በጭንቅላቱ ያሰላ ሰው ነው። አብዛኛውን ዓመት ፀሐይ ቀትር ላይ በደቡብ ስለምትውል መቀነስ የለመደ ሰው። ዑመርማ ራሱን የሚያሳስር ቁጥር አይጽፍም። አንቺ ከሱቅሽ አልወጣሽም። ሙሂዲን እስከ ስድስት በሕይወት ነበር መባሉ የሚጠቅመው በአራት ሰዓት የወረደውን ብቻ ነው።»

«ለምን እገድለዋለሁ ዋሪያ?» ዓምራን ሳቀ።

«ትናንት ጀልዴሳ ነበርኩ። የገጠሩ ጤና ኬላ ፓነሎች ተሰርቀው ጣሪያው ላይ የቀሩት ብሎኖች ብቻ ናቸው። የሕፃናቱ ክትባት መብራት ባጣው ፍሪጅ ውስጥ ተበላሽቷል። አምና እነዚያን ፓነሎች የገጠመው ሙሂዲን ነው፤ ጥጋቸው ላይ ስሙን ይጭራል።» ጎንበስ ብላ በቀለም የተሸፈነውን ጥግ በጥፍሯ ፋቀች። ስሙ ወጣ። «ለሰገል አዲስ ብለህ ሸጥክላት። እሱ ግን የገዛ እጁን ሥራ አወቀ።»

ዓምራን አልሰማትም። ዓይኑ ከእርሳሱ ጥላ አልተነቀለም፤ ጣቱ መዳፉ ላይ ቁጥር ይጽፋል።

«ወይኔ» አለ ምላሱን እየመታ፣ «መደመር ነበረብኝ።»

የተቆጨው ለስሌቱ ነበር። ዊዳድ ካቴናውን ከዑመር ፈትታ እሱን ስታስር፣ ላብና ሽቶ ያጣበቀው የእጁ አንጓ ጣቷን ነካት፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

ዑመር ነፃ ቢወጣም አልሄደም።

«አጠገቡ ቁጭ ብዬ በላሁ እኮ» አለ። «እየጠራሁት…»

ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሮጦ ማስመለስ ጀመረ። ዊዳድ ተከትላው ግንባሩን ያዘችለት። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ጣሪያ ላይ ያልቀፈፋት ነገር ይህ ብቻ ነበር።