የጋሽ ኦላና ቦታ

ትርሲት ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ትሰካና ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች። መርፌና ጓንት በጨረር ከጀርም በሚጸዱበት በዚህ ፋብሪካ፣ ሥራዋ ከወፍራሙ ግድግዳ ጀርባ ያለው የኮባልት ዘንጎች ሰሌዳ የት ቦታ ምን ያህል ጨረር እንደሚያደርስ ማስላት ነው። ሰሌዳው የግቢ በር ያህላል። ስለዚህ በሐሳብ በሺዎች ቁራጭ ይከፋፈላል፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ የሚመጣው ለየብቻ ይሰላል፤ ከዚያ ይደመራል። ያሰለቻል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለፋብሪካው ምረቃ አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ትርሲት አልደመረችም። ያን የሚያህል ሰሌዳ መሐሉ ላይ እንዳለች አንዲት ነጥብ ቆጥራ በአንድ መስመር ገላገለችው።

የሰሌዳው ጠርዝ ግን የሚያየው ግድግዳው የሚሳሳበትን የኮሪደሩን ጥግ ነው። ጥበቃው ጋሽ ኦላና አግዳሚያቸውን ያስቀመጡት እዚያ ነበር።

«ዶክተር፣» አሏት እየሳቁ፤ ዶክተር አይደለችም። «ይሄ ግድግዳችሁ መላጣዬ ላይ ጸጉር ያበቅልልኝ ይሆን? ወይስ ልነሣ?»

«ይቀመጡ ጋሼ፣ ምንም የለውም፣» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ።

ተቀመጡ። ባለፈች ቁጥር ከወገባቸው ብድግ ብለው «ኖር!» ይሏታል፤ እሷም ሳትቆም «በእግዜር፣ ይቀመጡ» ትላለች። በሚያዝያ በደም በሽታ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ባለቤታቸው «ስምሽን ሳያነሣ አይውልም ነበር» ብለው እጇን ሳሟት። ስህተቷን ያገኘችው በዚያው ሳምንት ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው። ትርሲት ሰሌዳውን በሥርዓቱ ከፋፍላ፣ ደምራ፣ ጨረር የበዛበት በቀይ የሚቀባበትን የኮሪደሩን ካርታ አወጣች፤ ጥጉ ደም መሰለ። ስሌቱ በልኬት መረጋገጥ ስላለበት፣ መቶ ሃያ ትናንሽ መለኪያዎች የተሰኩበትን የገመድ መረብ ጠዋት ጥጉ ላይ ዘረጋች። ሰሌዳው ሥራ ሲቆም ከሚጠመቅበት የውሃ ገንዳ ወጥቶ ሲሠራ ዋለ፤ ማታ አነበበቻቸው።

ዳር ዳሩ ላይ ልኬትና ስሌት ገጠሙ። መሐሉ ላይ ግን ጨረር የለም ማለት ይቻላል። መለኪያዎቹን ቀይራ ደገመችው፤ ያው ነው። ቁጥሮቹን ቀለም ስትቀባቸው በቀዩ መሐል ጥቁር ጥላ ወጣ፦ ክብ ራስ፣ የወደቁ ትከሻዎች፣ ጉልበት ላይ ያረፉ እጆች። አግዳሚው ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ መጋዘን ነው ያለው።

አለቃዋ አቶ ሙዘይን ሥዕሉን አላየም፤ ቁጥሩን ብቻ አየ።

«ጥጉ ንጹሕ ነው እኮ! ስሌቱን ተይውና ልኬቱን ጻፊ።»

«የሆነ ነገር ከልሎት ነው።»

«ምን?»

ፊቷ ጋለ። በእሷ ስህተት ያንን ሁሉ ጨረር የተቀበሉት ሽማግሌ ዛሬም እየተቀበሉላት ነበር፤ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር።

«አላውቅም፣» አለች። ጥጉ ለመቀመጫ ችግር እንደሌለው ጽፋ ፈረመች።

ደንቡ ከፊርማው በኋላም አንድ የማረጋገጫ ልኬት ስለሚጠይቅ በነጋታው መረቡን ልትዘረጋ ተመለሰች። የአየር ማስወጫው እርግብ የምታጉረመርም በሚመስል ድምፅ ያለማቋረጥ ያጉተመትማል፤ ከእርጥብ ሲሚንቶው ሽታ ሥር ጋሽ ኦላና አፍንጫቸው ሥር ይይዙት የነበረው ሱረት ይሸታል፤ የመጨረሻውን ገመድ ስታስር፣ ባዶው ወለል ላይ፣ ሰው ሲነሣ የሚንሸራተት የአግዳሚ እግር ረዘም አድርጎ አፋጨ። ከልማዷ የተነሣ አፏ ቀደማት፦

«በእግዜር፣ ይቀመጡ።»

ማታ ካርታውን ቀባች። ሽማግሌው ተቀምጠው አልነበሩም። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ቦታው ዘርግተው፣ ዳር ቆመዋል፤ በለቀቁላት ቦታ ላይ ደግሞ፣ ጸጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ የሰካች ሴት ተቀምጣለች።