ለሙታን የሚተወው ገጽ

ቦርሳዋ የተገኘው በአውቶቡስ መናኸሪያ፣ የመንገደኞች ወንበር ላይ ነው። መታወቂያዋ ውስጡ ነበር። ስልኳ ግን የለም። ገጣሚዋ ስትሳፈር ያየ ሰው የለም፤ አልተሳፈረችም ብሎ የሚምልም አልተገኘም።

«ጥላን ሄዳ ነው» አሉ ጎረቤቶች።

አባቷ አላመኑም። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በየማለዳው ፖሊስ ጣቢያ እየመጡ ከመርማሪው ቢሮ በር አጠገብ ይቀመጣሉ። መርማሪው ብዙ አይናገርም፤ ሰው ሲያወራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«አባባ፣ ቤት ሆነው ቢጠብቁ አይሻልዎትም?»

«ቤቱን ፈራሁት ልጄ። ኮቴዋን እሰማለሁ። ተነስቼ ሳይ ማንም የለም።» ወደ መርማሪው ጠጋ አሉ። «ያን መካኒክ ያዘው። ከሱ ሌላ ጠላት የላትም።»

መካኒኩ የቀድሞ ባሏ ነው። ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር እየተንፏቀቀ ወጣ።

«ዝተህባታል» አለው መርማሪው።

«ዝቼባታለሁ። ተናድጄ ነበር።»

«የጠፋች ቀን የት ነበርክ?»

«እናንተው ጋ!»

«እንዴት?»

«የሰው መኪና ገጭቼ እናንተው ጣቢያ ውዬ አደርኩ። ከእናንተ የተሻለ ምስክር ከየት ላምጣ ጌታዬ?»

ተጣራ። እውነቱን ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ አባቷ መጽሔት በእጃቸው ይዘው፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ። መጽሔቱ በየሳምንቱ አንድ ርዕሰ ጉዳይ ይመርጥና በዚያ ዙሪያ የተጻፉ ግጥሞችን፣ ታሪኮችንና ወጎችን ሰብስቦ ያወጣል። የዚህ ሳምንት ርዕስ «መመለስ» ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የልጃቸው ግጥም ታትሟል። ግጥሙ በር ላይ ቆማ ስለምትጣራ፣ ከውስጥ ግን ማንም ስለማይሰማት ሴት ነው።

«አየህ? ልመለስ ነው እያለችኝ ነው!»

መርማሪው ደጋግሞ አነበበው። ብርድ ብርድ አለው። ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

የመጽሔቱ ቢሮ ሰፊ ጓሮ ያለው ያረጀ ቤት ነው። በግድግዳው ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ የሳምንቱ ጽሑፎች በተራቸው በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለውበታል። ዋና አዘጋጇ ገና ከሕመም መነሳቷ ነው። እየሳለች ተቀበለችው።

«ግጥሙን መቼ ሰጠቻችሁ?»

«ከመጥፋቷ በፊት። እሱስ ምንም የለው። እንቅልፍ የነሳኝ ቦታው ነው።»

«የምን ቦታ?»

ወደ ገመዱ ጫፍ አመለከተች። «እኛ ቤት የመጨረሻው ገጽ የሙታን ነው። በሕይወት ያለ ሰው እዚያ ተሰቅሎ አያውቅም። ከግርጌው ስለ ሟቹ ሁለት መስመር እንጽፋለን። አንባቢ እያለቀሰ የሚደውልልን ለዚያ ገጽ ነው። በእሷ ግርጌ ግን ምንም አልተጻፈም።»

«ማን ሰቀለው?»

«ጽሑፍ መራጫችን። እኔ ተኝቼ ነበር። ቸኩሎ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።» ድምፅዋ ወረደ። «ወንፊት ነው የምንለው። ቸኩሎ አያውቅም።»

መራጩ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን ከጓሮው መስኮት አዙሮ ተቀምጧል። የሸበተ፣ ጨዋ ሰው ነው። መርማሪው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«የዚህን ሳምንት ተራ ያወጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የሟች ጽሑፍ አልደረሳችሁም ነበር?»

«ደርሶን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

መራጩ ፊቱ ያሉትን ወረቀቶች ደረደረ። መርማሪው ጠበቀ። አልቸኮለም።

«የዚያኛው ጸሐፊ አልሞተም» አለ መራጩ በመጨረሻ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ሁሉም እኔ ነኝ።»

«ሁሉም ማለት?»

«በስሜ ሳወጣ የሚያነበኝ አልነበረም። አንድ ጊዜ የሌለ ሰው ፈጠርኩ፤ በወጣትነቱ ሞተ ብዬ ጻፍኩ። አገር ተላቀሰ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ ገጽ ላይ የተለቀሰላቸው ሙታን እኔ ነኝ።»

«እሷስ?»

«ከሙታኖቼ አንዱን ወደደችው። መቃብሩን ልሳለም ብላ ኖረበት ያልኩት ሰፈር ድረስ ሄደች። እንዲህ ያለ ሰው ኖሮም አያውቅ አሏት።»

«ከዚያ እዚህ መጣች።»

«ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለች። በጓሮ በኩል ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኩ። ታገለችኝ። ገፋኋት። የጓሮው የውኃ ጉድጓድ ክዳን በስብሶ ነበር፤ ከሥሯ ተደረመሰ።»

«ወዲያው ሞተች?»

«ስትጣራ ሰምቻታለሁ።»

«ሰው አልጠራህም?»

«ቦርሳዋን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ስመለስ ዝም ብላለች። አሁን ግን እዚህ ስቀመጥ ትጣራለች። ቀን በብርሃን ትጣራለች።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ግጥሟን መሀል ላይ ልሰቅለው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ያ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ባለቤቱን አገኘ።»

መርማሪው ለአባትየው የነገራቸው በመኪና ሲያመጣቸው ነው። መንገዱን ሙሉ መጽሔቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ያዙ። ጓሮው ሲደርሱ ገመድ የያዙት የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ወደ ኋላ ሸሸት አሉላቸው። ሽማግሌው ተንበረከኩ። ወደ ጉድጓዱ ጨለማ አጎነበሱ።

«ሚጡዬ፣ አባባ ነኝ። አይዞሽ፣ መጥቻለሁ።»

መርማሪው ኮፍያውን አወለቀ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለውን ግን ፈጣሪ ብቻ ነው የሰማው።

ሽማግሌው ቀና ብለው ገመድ የያዙትን አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ቀስ አድርጋችሁ አውጡልኝ» አሉ። «ከልጅነቷ ጀምሮ ከፍታ ትፈራለች።»