ቆርኪው የተመለሰ ጠርሙስ

የማስታወቂያው ቀረጻ ያለባት ፍላሽ ካልሲው ውስጥ፣ ተረከዙ ሥር ናት። በተራመደ ቁጥር ትቆረቁረዋለች።

ጉጠት የመናኸሪያው ካፌ ገባ። የተከተለው የለም። ጋሼ ጥጉን ይዘው ተቀምጠዋል።

ጋሼ አለቃው ናቸው። ለስለላ የመለመሉት፣ «ጉጠት» የሚለውን የምስጢር ስም ያወጡለት፣ እናቱን ሲቀብር ክንዱን ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት የለም።

የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ መብራት ሠራተኛ መስሎ ከርሟል። የሚሰልሉት ጠላት ወገን በበዓሉ የለስላሳ ማስታወቂያ ለሰዎቹ ምልክት ያስተላልፋል ተብሏል። ሥራው ምልክቱን ማግኘት፣ ከውስጥ ምስጢር የሚያቀብላቸውንም ከሃዲ ማወቅ ነው። ሻማዎቹን፣ የፊኛዎቹን ቀለም፣ የልጆቹን ቀሚስ ጥለት ሳይቀር መረመረ። ጠብ ያለለት ነገር የለም።

«አገኘኸው?» አሉ ጋሼ።

«ቀረጻውን ይዣለሁ። ምልክቱን ግን እርስዎ ይፈልጉት፤ የእኔ ዓይን ፈዟል።»

«አይ አንተ፣ መብራት ስትሰቅል ከርመህ ዓይንህ ይፍዘዝ?»

ሳቁ። ሁለት ለስላሳ መጣ። ጉጠት ጠምቶት ስለነበር ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ያንኑ ማስታወቂያ ለቀቀ። ቤተሰቡ ይስቃል፣ ፊኛ ይፈነዳል፣ አያትየው መጠጡን ይጨርሳል።

ከዚያ ቆርኪውን ባዶው ጠርሙስ ላይ መልሶ ገጠመው።

ጉጠት ምልክቱን አገኘው።

ስንት ጊዜ አይቶታል። ዝም ብሎ ያለፈው የጋሼ ልማድ ስለሆነበት ነው። ከዓመታት በፊት ዝናብ አላስወጣ ባላቸው ቀን፣ በተከራዩት ክፍል፣ ከዚሁ ልማድ ተነሥተው ይህን ምልክት የፈጠሩት እሱና ጋሼ ነበሩ። ቆርኪው የተመለሰ ባዶ ጠርሙስ ፊቱ የቆመ ሰው ይያዛል። ተጠቅመውበት አያውቁም፤ ለሌላ ሰውም አልተነገረም።

በሩ አጠገብ ጃኬት የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የሚያዩት ፊት አይደለም። ጠረጴዛ ነው።

ጋሼ የጉጠትን ባዶ ጠርሙስ አነሡ። ቆርኪውን ገጠሙ። ፊቱ አቆሙት።

«ጋሼ፣ ምነው?»

አልደነገጡም። «ልትደርስብኝ ነበር፣ ልጄ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት አልችልም።»

«እነዚያ ያውቁዎታል?»

«ድምፄን በስልክ። ፊቴን ካንተ በቀር ለማን አሳይቼ አውቃለሁ?»

ጉጠት በልቡ «አምላኬ፣ እጄን አጽናልኝ» አለ።

አውቶቡስ ደርሶ ኖሮ ሻንጣ የተሸከሙ መንገደኞች ግር ብለው ገቡ። ሁለቱ ሰዎች ተጋረዱ።

ጉጠት ጠርሙሱን ገፋው። ጠርሙሱ በጋሼ ፊት ቆመ። የጋሼን ያልተጨረሰ ጠርሙስ ይዞ ከመንገደኞቹ ጋር ተቀላቀለ።

ጋሼ ቆርኪውን ሊነቅሉ ተጣደፉ። እጃቸው ቆርኪው ላይ እንዳለ ሁለቱ ሰዎች ያዟቸው።

«ልጆች፣ ተሳስታችኋል። እኔ እኮ የእናንተው ነኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ አባት። ይነሡ።»

ጉጠት በሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው ስሙ ተጠራ። እናቱ ያወጣችለት ስም። ጋሼ የጠሩት እንዲዞር ነበር፤ ቢዞር ሰዎቹ ያዩታል።

አልዞረም።

ለዋናው ቢሮ «ቀዳዳው ተደፍኗል» ብሎ ላከና ስልኩን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለ።

ትኬት ቆራጩ እስክሪብቶውን አነሣ። «ማን ልበል?»

አፉ ላይ የመጣለትን ስም ሰጠው። ሰውየው ቀና ሳይል ጻፈለት።