ለፈጠነች ጀርባ የሚሆን ቦርሳ

ፈጠነች በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ቦርሳ ልትመልስ መጣች።

የሱቁ ባለቤት ሁሪያ ገና ከሩቅ ስታያት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሶዶ አውቶቡስ ተራ ፊት ለፊት አሥራ አምስት ዓመት ሰልባጅ ቦርሳና ጫማ ስትሸጥ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሟት አያውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ቦርሳ ነው ወይስ ባል የምትመርጪው?»

«ባል ቢሆንማ የመጀመሪያውን ይዤ እሄድ ነበር!» አለች ፈጠነች፣ ትልቁን አረንጓዴ ቦርሳ ባንኮኒው ላይ እየጣለች። «ይሄ ትከሻዬን ገደለው። ባዶውን እንኳ ሦስት ኪሎ ይመዝናል።»

ቁጭ በይ ብትባልም አልተቀመጠችም። መቀመጥ አትወድም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አላት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ የሰው ፋይል ስታወጣና ስትመልስ፣ በመስኮቱ የዳሞታን ተራራ እያየች ስትቁነጠነጥ ነው የኖረችው። አሁን ግን አንድ አስጎብኚ ድርጅት ከዳሞታ ተነሥቶ፣ በቦዲቲ በኩል አልፎ፣ እስከ ሁምቦ ቆላ የሚወርድ የአምስት ቀን የእግር ጉዞ ሊጀምር ነው። ሴት መንገድ መሪም ይፈልጋል። የሙከራው ጉዞ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ይነሣል። ድንኳኑን፣ መኝታውንና ስንቁን ራሱ ተሸክሞ ያልጨረሰ አይቀጠርም። ፈጠነች እግሩም ልቡም ነበራት፤ ያጣችው ቦርሳ ነበር።

«ቦርሳው ምንም አላጠፋም» አለ አንድ ድምፅ ከበረንዳው።

ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ ዚፕ የሚቀይረው ኤልሳዕ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስትመጣና ስትሄድ አይቷታል።

«የወንድ ቦርሳ ነው የምትወስጂው። የወንድ ጀርባ ረዘም ይላል፤ ስለዚህ ቀበቶው ካንቺ ወገብ በታች ይወርዳል፣ ክብደቱ በሙሉ ትከሻሽ ላይ ይቀራል። ጭነት መቀመጥ ያለበት የወገብ አጥንት ላይ ነው። ትከሻ ያግዛል እንጂ አይሸከምም። ማንገቻውም ለሴት ሲሆን ጠበብ ብሎ፣ እዚህ ጋ ዞር…» እጁ ደረቱ ጋ ደርሶ አየር ላይ ቀረ። አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ፈጠነች ሳቀች። «ይሄን ሁሉ እያወቅክ ነው ሦስት ጊዜ ዝም ብለህ ያየኸኝ?»

«ብነግርሽ አትመለሺማ።»

ሁሪያ «ያ ረቢ!» ብላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

ኤልሳዕ ሜትሩን አንሥቶ ሊለካት ተነሣና መንገዱ ዳር የቆሙትን የባጃጅ ሹፌሮች አየ። ሶዶ ውስጥ አንድ ጎረምሳ የአንዲትን ልጅ ጀርባ በአደባባይ ቢለካ፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ እናቷ ቤት ይደርሳል። ሜትሩን ለሁሪያ ሰጣት። ሁሪያ ከፈጠነች አንገት አጥንት እስከ ወገቧ ለክታ «አርባ አንድ!» ብላ ጮኸች። ኤልሳዕ የትም አልጻፈውም፤ ግን አልረሳውም።

በሳምንቱ አዲስ የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ከውስጡ አንዲት የወይን ጠጅ ቀለም ያላት የሴት ቦርሳ ወጣች። ሥሯ ተቀዶ ነበር። ኤልሳዕ ሥሯን በወፍራም ሸራ ሰፋ፤ የማያስፈልገውን የላይ ክዳን አወለቀ፤ ትርፍ ጥብጣቦቹን ቆረጠ። ሁሪያ ሚዛን ላይ ስታስቀምጣት አንድ ኪሎም አልሞላች።

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ፣ ቢሮ ከመግባቷ በፊት፣ ኤልሳዕ አሥር ኪሎ በቆሎ እየጫነላት ወደ ዳሞታ የሚወስደውን ዳገት መውጣት ጀመሩ። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ እሱ ከኋላ ይከተላል።

«ምንድን ነው የምታየው?»

«ቦርሳውን።»

«እና እንዴት ነው ቦርሳው?»

«ያምራል።»

ፈጠነች እርምጃዋን አፈጠነች። አናቱ ላይ ደርሳ ዞር ስትል ዓይኖቹ ቦርሳው ላይ እንዳልነበሩ ያወቀችው ቶሎ ወደ መሬት ስለሰበራቸው ነው። የዚያን ቀን ቢሮ ስትገባ የአንዱን ባለጉዳይ ፋይል ከሌላው ጋር ቀላቅላ ስትፈልግ ዋለች።

ያልተፈታ አንድ ነገር ነበር። ግራው ማንገቻ ትከሻዋን ይበላታል። ኤልሳዕ አራት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው፤ አራት ጊዜም በላት።

ከማንገቻው የባሰው ግን ቤት ነበር። እናቷ አሳየሽ ባሏ ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ከተራራው ሥር እንጨት እየተሸከመች ሶዶ ገበያ ሸጣ ነው ልጇን ያስተማረችው። ቦርሳውን ያየች ቀን ብዙ አልተናገረችም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለጉዞው ነው፣ እማዬ። ልብስና ድንኳን መያዣ።»

«በጀርባ?»

«በጀርባ።»

«እኔ ጀርባዬን የጨረስኩት ያንቺ ጀርባ ወንበር እንዲደገፍ ነበር» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የጉዞው ነገር በተነሣ ቁጥር ትወጣለች። ፈጠነች የእናቷን ቁጣ ትችለዋለች፤ ዝምታዋን ግን አትችለውም። ያለ እሷ ፈቃድ መሄድ ደግሞ ጨርሶ አይሆንላትም። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ እንቅልፍ አጣች፤ ምግብ ቆማ ነው የምትበላው።

ይህን ስትነግረው ኤልሳዕ የሰማው ሌላ ነገር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመች ሴት! ስለ ማንገቻ ከእሷ የተሻለ ማን ሊያውቅ ነው? ሄዶ ሊጠይቃት ወሰነ። ነገር ግን ባል የሌላት ሴት ቤት ጎረምሳ ብቻውን ዘው አይልምና አጎቱን ጋሽ ዱባለን አስቸገራቸው። ጋሽ ዱባለ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ያለ ጓደኛቸው ያለ ጋሽ ይስሐቅ ደግሞ የትም አይሄዱም። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኮት የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ሲገቡ፣ ምን ሊሉ እንደመጡ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያላወቀው ኤልሳዕ ብቻ ነው። «አንተ በር ላይ ቆይ፤ መጀመሪያ እኛ እናናግራት» ሲሉት ቦርሳውን ታቅፎ ቆመ።

ጋሽ ዱባለ ለግማሹ ምእመን ሚስት ጠይቀው ያመጡ ሰው ናቸው። አፋቸው ሌላ አልለመደም።

«ሳሮ፣ ሰላም ነሽ፣ አሳየሽ። የመጣነው ስለ ልጅሽ ስለ ፈጠነች ነው። ልጁ ደጅ ቆሟል። የእኔው ልጅ ነው፤ የእጅ ሥራ ያውቃል፤ እግዚአብሔርን ይፈራል።»

አሳየሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «የመጣችሁበትን ሰምቻለሁ። ልጄን ሳላማክር አልመልስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

ጋሽ ይስሐቅ «እኛ እንኳን ስለ ቦርሳው…» ብለው ሲጀምሩ ጋሽ ዱባለ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸውና «አሜን!» ብለው ተነሡ።

«ምን አለች?» አለ ኤልሳዕ በር ላይ።

«ማንገቻው ጋ አልደረስንም» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ሌላውን ግን ጠይቀንልሃል።»

«የቱን ሌላውን?»

«እንቅልፍ የከለከለህን ነዋ!»

ኤልሳዕ ሮጦ ገብቶ ሊያስተካክል አንድ እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተሳስተዋል፤ የጠየቁት ግን ውሸት አልነበረም። እዚያው ቆሞ ሲያቅማማ ሽማግሌዎቹ መንገድ ጀመሩ፤ እሱም ተከተላቸው።

በማግስቱ ከአምልኮ ሲወጡ ሦስት ሴቶች ፈጠነችን አቅፈው «እንኳን ደስ ያለሽ!» አሏት። ግራ ገብቷት ቤት ስትደርስ እናቷ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ ጠበቀቻት።

«ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር አምስት ቀን ሜዳ አታድርም፤ ነውር ነው። መልስ እስክንሰጥ ቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

ትቀመጫለሽ! ፈጠነች ያን ቀን ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ አመሸች።

ሰኞ ማለዳ፣ ሁሪያ ሱቋን ሳትከፍት፣ ፈጠነች በረንዳው ላይ ደረሰች።

«ከእናቴ ጋር ተስማምታችሁ ነው?»

«አይደለም፣ ፈጠነች። ስለ ማንገቻው ልጠይቃት ነው የሄድኩት።»

«በሽማግሌ? ስለ ማንገቻ?»

ኤልሳዕ ሲሰማው ራሱም አላመነውም። «እኔ ለዚያ አልላክኋቸውም። ግን… ስህተት ነው ብዬም አልመለስኳቸውም።»

«ለምን?»

«ስለምወድሽ።»

በዚህ ሰዓት ይላል ብላ አልጠበቀችም። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ከሁለት ሳምንት በላይ ልትሰማው የፈለገችው ቃል ነበር፤ አሁን ግን ልትሰማው አልፈለገችም።

«እኔም እኮ…» አለችና ሳትጨርስ ተወችው። «እንድሄድ ብሎ ሌት ተቀን የሰፋልኝ ሰው ነው ያስቀመጠኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ያህል አልከፋም ነበር።»

ቦርሳውን ሳትወስድ ሄደች። ኤልሳዕ ሰኞንና ማክሰኞን አንዴ ሲነሣ አንዴ ሲቀመጥ፣ የሰፋውን ሲፈታ ዋለ። «ወይ ሥራ ወይ ሂድ፤ አዞርከኝ እኮ!» አለችው ሁሪያ።

ሄደ። ረቡዕ ከሰዓት፣ ፀሐይ ላይ፣ ቦርሳውን በቆሎ ሞልቶ ብቻውን አሳየሽ ደጅ ቆመ። ጎረቤት ያየኛል አላለም።

«እትዬ አሳየሽ፣ ጥያቄውን ትቻለሁ። ለጠየቀሽ ሰው ሁሉ ጥፋቱ የእሱ ነው በይ፤ ሳይዘጋጅ ነው የላከው በይ። በእሷ ወሬ እንዳይወጣ። ብቻ ነገ ትሂድ።»

«አትወዳትም ማለት ነው?»

«እወዳታለሁ። ነገ ከቀረች ግን፣ ብታገባኝም እንኳ ያቺ ፈጠነች አትሆንም።»

አሳየሽ የያዘውን ቦርሳ አየች። ከዚያ ከበሩ ዞር አለችለት።

«ልትጠይቀኝ እንደነበር ፈጠነች ነግራኛለች፤ ማንገቻው የታለ? አምጣው።»

ቦርሳውን በቀኝ ጉልበቷ ደግፋ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ጀርባዋ ላይ አወጣችው። ኤልሳዕ ቀበቶውን እንዴት እንደሚቆለፍ አሳያት። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረች። ሁለተኛ ዞረች። መሃል ላይ ቆማ በእጇ ትከሻዋን ዳበሰች።

«ምንም የለበትም» አለች ቀስ ብላ። «ጭነቱ የት ሄደ?»

«ወገብሽ ላይ ነው።»

ትንሽ ተራምዳ ደግሞ ቆመች። «ግራውን ማንገቻ ሁለት ጣት ያህል ወደ አንገት አምጣው። እኛ ዕቃ የምናነሣው በቀኝ ጉልበት ነው፤ ሲነሣ ወደ ግራ ይጥላል። ቁጭ ብለህ ብትሰፋ ይሄን የት ታውቃለህ?»

ደፍ ላይ ተቀምጦ በእጁ ፈትቶ ሰፋው። አሳየሽ አጠገቡ ቆማ መርፌውን ታያለች።

«የማን አገር ሥራ ነው?»

«የፈረንጅ።»

«እኔ እንጨት ስሸከም… ያኔም ነበረ እንዲህ ያለ?»

ኤልሳዕ ሊዋሻት አልቻለም። «ነበረ።»

አሳየሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሰፍቶ ሲጨርስ ተቀበለችውና መልሳ አዘለችው፤ እሱም ተሰናብቶ ወጣ።

ፈጠነች ከሥራ ስትገባ እናቷ አሥር ኪሎ ተሸክማ ግቢውን ስትዞር አገኘቻት።

«እማዬ! አውርጂው!»

«ለምን አወርዳለሁ? ይሄ እኮ ሸክም አይደለም» አለች አሳየሽ። ከዚያ የመጣውንና ያለውን ሁሉ ነገረቻት። «ልጁ ጥያቄውን ትቷል። ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትነሡት? ቆሎ ልቁላልሽ።»

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጓዦቹን ተራራው ሥር የሚያደርሰው ሚኒባስ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ነበር። ኤልሳዕ ማለዳ መጥቶ፣ ክር ያልገባበትን የስፌት መኪና እየረገጠ፣ የሚሠራ ይመስላል። ፈጠነች ቦርሳዋን እንዳዘለች መንገዱን ተሻግራ ፊቱ ቆመች።

«ጥያቄውን ትተሃል አሉኝ።»

«አዎ።»

«ማን ተው አለህ?»

መኪናውን መርገጡን አቆመ። «አንቺ… ተናደሽ እኮ ነበር።»

«የተናደድኩት አትሄጂም ስለተባልኩ ነው፤ ተጠየቅሁ ብዬ መሰለህ? አሁን እየሄድኩ ነው።»

የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። ሌሊቱን ስታስበው ያደረችው እንዲህ አልነበረም። በመንገድ ላይ አስቤበት ስመለስ እነግርሃለሁ ልትለው፣ በክብር ልትናገርና በዝግታ ልትሄድ ነበር። አልቻለችም።

«ጋሽ ዱባለ በተቀጠሩበት ቀን ይምጡ። እናቴ የምትመልሰውን ትመልስ፤ የእኔ መልስ እሺ ነው።»

ኤልሳዕ ከወንበሩ ተነሣ። ደስታው ራሱ አስፈራው። «አምስት ቀን አለሽ እኮ… ተረጋግተሽ ብታስቢበት…»

«እኔ መጠበቅ የት አውቃለሁ?» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ አንድ እግሯ ወደ ሚኒባሱ ዞሮ።

«ሂጂ» አላት ኤልሳዕ። «መጠበቁን ለእኔ ተይው።»